ማሟያ ምርጫ ሊመጣ ነው? መታወቂያችሁን አውጡና እዩት

ማሟያ ምርጫ በሞንታርቦ ታጅቦ አይመጣም። አንድ የምክር ቤት አባል ሲሞት፣ ሲለቅ ወይም በሌላ ምክንያት ወንበሩ ባዶ ሲሆን፣ የሚተካው ሰው የሚመረጥበት ነው። ከተማው በሙሉ አይመርጥም፤ ወንበር የጎደለበት ምርጫ ክልል ብቻ ይመርጣል። ስለዚህ ፖስተሩም ወሬውም ትንሽ ነው። ማስታወቂያው አጥር ላይ ይለጠፋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ብዙው ሰው ሳይሰማ ምዝገባው ይዘጋል።

እኔ እዚህ ባሕር ዳር ከአንድ ቀበሌ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም። ግን የሰፈሩ መታወቂያ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ሰው ድምፁን የሚያጣው ገና ምዝገባ ላይ እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክሬ አብዛኛው ስለ መታወቂያ ቢሆን አትገረሙ።

መጀመሪያ ሰፈራችሁ ይመርጥ እንደሆነ አጣሩ። ምርጫውን የሚያስፈጽመው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው፤ ቀኑን ከቦርዱ ማስታወቂያ እንጂ ከባጃጅ ሹፌር አትውሰዱ። «ክፍለ ከተማዬ ጣና ነው» ወይም «ፋሲሎ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ቀበሌያችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ተናግራችሁ የትኛው ጣቢያ እንደምትመዘገቡ ጠይቁ። ዘጌና ጢስ ዓባይ ያላችሁም በከተማው አስተዳደር ሥር ናችሁና «ይሄ የከተሜ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ መታወቂያው። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ከመራጭ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር። ጣጣው ይህን የሚያሳየው ወረቀት ላይ ነው። አውጡና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ሰው መታወቂያው ጊዜው እንዳለፈበት የሚያውቀው ሲፈልገው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እድሳት ፈላጊው ሁሉ አንድ መስኮት ላይ ይሰለፋል። ከዚያ ፎቶው። ጀልባ ላይ የሚሠሩ ደንበኞቼ መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቱታል። የጣና ውሃ ለፌስታል አይመለስም፤ ፎቶው ነጭ ይሆናል፣ ማህተሙ ሰማያዊ ደመና ይመስላል። እንዲህ ያለውን ይዛችሁ ከመዝጋቢ ጋር ከመከራከር ቀድሞ ማሳደስ ይሻላል።

ሌላው ላሚኔት ነው። እባካችሁ ማህተም ሳይመታበት ላሚኔት አድርጊልኝ አትበሉኝ! አንድ አያ ከእድሳት ወጥተው ቀጥታ ወደ እኔ ይመጣሉ፣ «ቶሎ በይ ልጄ» ይላሉ። ገልብጬ ሳየው ፊርማ አለ፣ ማህተም የለም። ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ በመቀስ ጠርዙን መላጥ ነው ዕጣው፤ ወረቀቱም አብሮ ይላጣል።

ስማችሁንም አንብቡ። አንዱ ወረቀት ላይ ገብረ ማርያም፣ ሌላው ላይ ገ/ማርያም፣ የአያት ስም አንዱ ጋ ተጽፎ ሌላው ጋ የተዘለለ። ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥርም፤ ሲፈጥር ግን ግማሽ ቀን ይበላል።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ተከራዮች ናቸው። ከአዴት ወይም ከመራዊ መጥቶ ባሕር ዳር ሲሠራ የከረመ ሰው መታወቂያው ገና የድሮው ቀበሌ ነው። መሸኛ አላመጣም፤ አከራዩ ደግሞ «ቤቴ ውስጥ ይኖራል» ብሎ መመስከር ይፈራል። ይሄ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ምርጫ ይኑርም አይኑርም መሸኛውን ዛሬ ጀምሩት።

ምዝገባው ሲከፈት ራሳችሁ ሂዱ፤ በሰው መመዝገብ የለም። የመራጭነት ካርዱ ሲሰጣችሁ በሩን ሳትለቁ አንብቡት። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው። «ካርድህን ላስቀምጥልህ» የሚል ሰው ከመጣ፣ ዘመድም ቢሆን፣ አመሰግናለሁ በሉትና ኪሳችሁ ክተቱት። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ እይታ ክፍት በሚሆንበት ጊዜም ሄዳችሁ ስማችሁን ፈልጉ።

እጩዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በማሟያ ምርጫ የሚገባ ሰው የሚሠራው የቀረውን ጊዜ ነው። ስለዚህ «ከተማዋን እለውጣለሁ» ለሚለው ጆሮ አትስጡ። በቀረው ጊዜ ምን ይጨርሳል? የሰፈራችሁ ኮብልስቶን? ውሃው? የሐይቁ ዳር መሬት ለማን እንደሚሰጥ ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ ይጠይቃል? ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ያሉት የመጨረሻ ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ የለም፣ ጥያቄያችሁን ከዚያ በፊት ጨርሱ።

በድምፅ መስጫው ቀን ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው። ካርድና መታወቂያ ያዙ። ነፍሰ ጡሮች፣ አቅመ ደካሞችና ሕፃን ያዘሉ እናቶች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ ወረፋ ላይ ብታዩዋቸው አሳልፏቸው። ከዚያ ስንት ሰው እንደምትመርጡ አስፈጻሚውን ጠይቁ። የከተማ ምክር ቤት ላይ ይሄ ያደናግራል። የአዲስ አበባን ተመልከቱ፦ ምክር ቤቱ 138 ወንበር፣ 23 ምርጫ ክልል አለው፤ አንድ ምርጫ ክልል ከአንድ ሰው በላይ ይልካል ማለት ነው። እናንተ ጋ የጎደለው አንድ ወንበር ከሆነ አንድ ምልክት ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ካደረጋችሁ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ በቂ ነው። ስም አትጻፉ፣ አትፈርሙ። ከተበላሸባችሁም ኮሮጆ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ለአስፈጻሚው ንገሩ።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይካሄዳል፤ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል። ቅሬታ ካላችሁ ጣቢያው ላይ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቡ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጉት፣ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት፣ እሱን ቤት አስቀምጡት።