የጉበት አንቲቦዲ ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

እናቴ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለን። ቅጠል የሚያውቅ ሰው አዘዞ እንዳለም ተነገረን። እሷ ግን «እኔ ሐኪም ነው የምፈልገው» ብላ ድርቅ አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ተኩል ከጎንደር ፒያሳ ላብራቶሪዎች ወረቀት ስሰበስብ፣ ወረቀቱን በተሳሳተ መንገድ ሳነብ፣ ራሴንም እሷንም ሳስደነግጥ ከረምኩ። ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሚባለው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

1. «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ለጊዜው እርሱት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባል የለ? አንቲቦዲ፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ነገር፣ ያ ውሻ ነው። ምርመራው የሚሰማው የውሻውን ጩኸት እንጂ ጅቡን አያይም። ጅቡ አሁንም ግቢ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ከሄደም ሰንብቶ ይሆናል። ለእኛ አገር ሰው ካላዛርን የሚያህል ምሳሌ የለም። መተማ ወይም ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የታመመ፣ ታክሞም የዳነ ልጅ አርኬ 39 በተባለው የካላዛር አንቲቦዲ ምርመራ ሲታይ ከዓመታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በሽታው ለቆታል፤ ጩኸቱ ግን አለ። በሽታው አገረሸ ወይስ አላገረሸም የሚለውን በዚያ ምርመራ የማይለዩት ለዚህ ነው።

በኦቶኢሚዩን በሽታ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ፣ ደግሞ ውሻው የሚጮኸው በገዛ ጌታው ላይ ነው። አንዳንዱ ጮኾ ይተዋል፣ አንዳንዱ ይነክሳል። መንከሱን የሚናገረው ሌላ ወረቀት ነው፤ እደርስበታለሁ።

2. መጀመሪያ ቫይረሱን አጣሩ

የሄፓታይተስ ቢና ሲ ውጤት ሳይታይ ስለ ኦቶኢሚዩን ማውራት መቸኮል ነው። እዚህ ላይ አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ፦ የምርመራውን ስም ጫፍ እዩ። መጨረሻው «ኤጂ» ከሆነ የተገኘው የቫይረሱ አካል ራሱ ነው። «አንቲ» ብሎ ከጀመረ ወይም በ«ኤቢ» ካለቀ የተገኘው አንቲቦዲ ነው። ስለዚህ የሄፓታይተስ ቢው ኤችቢኤስ ኤጂ ፖዘቲቭ ማለት ቫይረሱ አሁን አለ ማለት ነው። አንቲ ኤችቢኤስ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መከላከያ አላችሁ ማለት ነው፤ ደስ ይበላችሁ። አንቲ ኤችቢሲ የሚባለው ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ የሚያውቅ ሰው ላይ ይገኛል። ክትባት ብቻውን እሱን አያመጣም።

የአጎቴ ልጅ ተከትቦ ያገኘው አንቲቦዲ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ቤት ውስጥ ስኒ ተለየበት። ሄፓታይተስ ቢ በስኒ አይተላለፍም፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አልታመመም ነበር።

የሲ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁንም በደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየውን የአርኤንኤ ምርመራ ጠይቁ። ሳይታከሙ በራሳቸው የሚድኑ ጥቂት አይደሉም፤ አንቲቦዲው ግን ከዚያም በኋላ ይቆያል።

3. 1:160 ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅኩት።

የእናቴ የመጀመሪያ ኤኤንኤ (የገዛ ሕዋስን አስኳል የሚቃወም አንቲቦዲ) ውጤት 1:160 ነበር። ከወራት በኋላ ሌላ ላብራቶሪ አሠራንና 1:320 መጣ። እኔ በትምህርት ቤት ክፍልፋይ ሒሳቤ «አንድ ሦስት መቶ ሃያኛ ከአንድ መቶ ስልሳኛ ያንሳል» ብዬ «እማዬ፣ በግማሽ ቀንሶልሻል!» አልኳት። ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ። በነጋታው አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ጓደኛዬ «ኧረ ተገላቢጦሽ ነው፣ ጨምሯል» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። በዚያው ሳምንት ገንዘብ ተበድሬ ከአዘዞ አውሮፕላን ተሳፍረን አዲስ አበባ ገባን። ሐኪሙ 1:320 የሚለውን ቁጥር ለአፍታ እንኳ አላየውም። ገጹን ገልብጦ የጉበት ኢንዛይሙን፣ ኤኤልቲ የሚባለውን አየ። ከ412 ወደ 58 ወርዷል። «እማማ፣ መድኃኒቱ እየሠራልዎት ነው» አላት። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አሁን ነገሩን በቡና ላስረዳ። አቦሉ ወፍራም ነው። ውሃ ተጨምሮ ቶናው ይመጣል፣ ደግሞ ተጨምሮ በረካው። በረካው ላይም ቡና ቡና ካለ ሲጀመር የተጨመረው ቡና ብዙ ነበር ማለት ነው። ቲተርም፣ ያ 1:160 የሚለው ቁጥር፣ እንዲሁ ነው። ደሙ 40 እጥፍ ይቀጠናል፣ ከዚያ 80፣ 160፣ 320፣ 640 እያለ በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። አንቲቦዲው የታየበት የመጨረሻው ዙር ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ከነጥቦቹ በስተቀኝ ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን አንቲቦዲው ብዙ ነው።

ታዲያ «ታየ» የሚለው ማነው? ባለሙያው በጨለማ ክፍል ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ፣ መስታወት ላይ ያሉት ሕዋሳት አረንጓዴ ብርሃን ሲሰጡ ያያል። የመጨረሻዋ ደብዛዛ ብርሃን አለች ወይስ የለችም የሚለውን ዓይኑ ነው የሚፈርደው። የቶናና የበረካ ክርክር በሉት። የአንድ ዙር ልዩነት፣ ማለትም ከ160 ወደ 320፣ ለውጥ ነው ተብሎ አይወሰድም። ላብራቶሪ ሲቀየርማ ጭራሽ። እኔ አውሮፕላን የተሳፈርኩት ለዚህ ነው እንግዲህ።

ሌላም አለ። ጤነኛ ሰዎች ሲመረመሩ በ1:40 ከመቶው 30 ያህሉ፣ በ1:80 13 ያህሉ፣ በ1:160 እንኳ 5 ያህሉ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ሆነው ተገኝተዋል። አንድ የጎንደር ሚኒባስ ሙሉ ጤነኛ ሰው ብታስመረምሩ በ1:40 ሦስት አራቱ ይደነግጣሉ። ማንም «ለማንኛውም ልመርመር» ብሎ ኤኤንኤ ባያሠራ ደስ ይለኛል። ገንዘብ አውጥቶ ጭንቀት መግዛት ነው።

አንዳንድ ላብራቶሪ ደግሞ በማሽን ሠርቶ 1:160 ከማለት ይልቅ ነጠላ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን አታወዳድሩ። ውጤቱ አጠገብ የራሱ ኖርማል ሬንጅ አለ፤ የሚመዘነው በዚያ ብቻ ነው።

4. ስሞቹን ለዩ

ኤኤንኤና ኤስኤምኤ (ለስላሳ ጡንቻን የሚቃወም አንቲቦዲ) ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ፣ ማለትም መከላከያው የገዛ ጉበቱን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሲጠረጠር አብረው ይታዘዛሉ። ኤልኬኤም 1 የተባለው አንቲቦዲ በብዛት ልጆች ላይ የሚታየውን ዓይነት ይጠቁማል። እነዚህን ለማየት የአይጥ ጉበት፣ ኩላሊትና ጨጓራ ስስ ቁራጭ ይጠቀማሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

ኤኤምኤ የተባለው አንቲቦዲ ለየት ይላል። ፒቢሲ የተባለ፣ የጉበትን ጥቃቅን የሐሞት ቱቦዎች የሚያጠቃ በሽታ አለ። ከአሥሩ ታማሚ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ኤኤምኤ አላቸው። በአብዛኛው በጎልማሳ ሴቶች ላይ ይታያል። ቆዳ ያሳክካል፣ ድካም አይለቅም፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፍ ይላል። ከቲተሮቹ ሁሉ እኔ ቆም ብዬ የማየው ይህን ነው።

ከጉበት ውጭ ያሉትን በአጭሩ፦ ዲኤስዲኤንኤ ሉፐስ ለሚባለው ሌላ ኦቶኢሚዩን በሽታ፣ አንቲ ሲሲፒ ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ በሽታ። ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚታዘዘውን አርኤፍ የሚባለውን ለብቻው አትመኑት። ሄፓታይተስ ሲና ቲቢ ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ይላል።

5 እና 6. ንክሻውን ፈልጉ፣ ከዚያ አሳሳቹን

ኤኤልቲና ኤኤስቲ ጉበቱ አሁን እየተጎዳ መሆኑን ይናገራሉ። ከእነሱ ጎን አይጂጂ የሚባለውን፣ በደም ውስጥ በብዛት ያለውን የአንቲቦዲ ዓይነት፣ ጠቅላላ መጠን እዩ፤ በኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ በሽታ የወጣ ቀለል ያለ የነጥብ መስጫ አለ። አንቲቦዲ ቢበዛ 2 ነጥብ፣ አይጂጂ 2፣ የቫይረስ ሄፓታይተስ አለመኖር 2፣ ባዮፕሲ (ከጉበት በመርፌ የሚወሰድ ናሙና) 2። 6 ሲሞላ «ሳይሆን አይቀርም»፣ 7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን «ነው» ይባላል። ልብ በሉ፣ አንቲቦዲው የፈለገውን ያህል ቢጮህ ከ2 በላይ አያገኝም። እኛ ባዮፕሲን ፈርተን ሦስት ወር አዘገየነው። በኋላ ሲደረግ መርፌው ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። የቀረው ቀን በጎን ተኝቶ መጠበቅ ነበር።

አሳሳች የምለው እነዚህን ነው። ካላዛር አይጂጂን ሽቅብ ይሰቅላል፣ ኤኤንኤንም ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ካለውና ጣፊያው ካበጠ ይህን ለሐኪሙ ይንገር። የጣና ዳር ሰው ደግሞ ብልሃርዚያን አይርሳ፤ ጉበትን ይጎዳል። የቲቢ መድኃኒት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጫትም ጉበት ሊያስቆጡ ይችላሉ። የሚወሰደውን ሁሉ ሳታፍሩ ተናገሩ። እናቴ የሆነ ሥር ቀቅላ ትጠጣ እንደነበር የነገረችን ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ነው።

7. ፕሬድኒሶሎንን በራሳችሁ አትንኩ

ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የሚታከመው በዚህ፣ የሰውነትን መከላከያ በሚያበርድ መድኃኒት ነው። ፋርማሲ ሄዶ «ያንን ትንሿን ነጭ ክኒን» ብሎ መግዛት እንደሚቻል አውቃለሁ። ሄፓታይተስ ቢ ተደብቆ ካለ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጀምሮ የቆየ ሰውም በድንገት ማቆም የለበትም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ደም ያስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም መዘባረቅ የጀመረ ሰው ካለ ደግሞ ወረቀት ማንበቡን ትታችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

8. ወረቀቶቹን በቀን ደርድሩ

ቀላል ይመስላል። የላብራቶሪው ማሽን ቀኑን በፈረንጅ ያትማል፤ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። እኔ ሁለቱን አደባልቄ የኋለኛውን ከፊት አድርጌ ሰጥቼ፣ ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?» ብሎኝ ያውቃል። አሁን በየወረቀቱ ጫፍ ላይ ሁለቱንም ቀን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ያን ቀን ትወስድ የነበረውን መድኃኒት መጠን። ዋናው ፌስታል ውስጥ ነው፤ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። ፌስታሉን እናቴ ፍራሽ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ በእኔ አታምንም።