ከባዮሎጂ ወደ ሜዲስን ለመግባት የምታስቡ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

እኛ ጎጃም፣ ደጀንም ሁን ሞጣ ወይ ቡሬ፣ ሳይንስ የሚችል ልጅ ካለ ገና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ «ዶክተሩ» ነው የሚባለው። ከዛ ዲፓርትመንት ሲለጠፍ ባዮሎጂ ይደርሰዋል፣ ቤት ሲደወል ደግሞ «ያው እሱም የህክምና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኧረ አይደለም! ባዮሎጂ ጥሩ ትምህርት ነው ግን እኛ አገር ሜዲስን በዋናነት የሚገባው ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ተነስቶ በፍሬሽማን፣ ማለት በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት፣ በኩል ነው፣ ዲግሪ ይዞ መግባት የሚቻልበት በር አለ ግን ጠባብ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፍሬሽማንን መናቅ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ምደባው በዋናነት የሚሰራው በኢንትራንስ ውጤትና በፍሬሽማን ጂፒኤ ስለሆነ ባዮሎጂ ላይ ቸካይ መሆን ብቻውን አያወጣም። ሎጂክም ጂኦግራፊም እንደ ማትሱ 3 ክሬዲት ናቸው፣ ልጁ ግን «ይሄማ የሶሻል ነው» ብሎ ሀንድአውቱን ሳይከፍት ለሚድ ይገባና ሲ ይዞ ይወጣል፣ በኋላ ሴሉላር ባዮሎጂ ላይ ኤ ፕላስ ቢያመጣ ምን ይሰራለታል፣ ምደባው እኮ አልቋል። እና ፍሬሽ ከሆናችሁ የማትወዱትን ኮርስ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ባዮሎጂ ከገባችሁ በኋላ ያለው ስህተት ደግሞ መሸምደድ ነው። አንዱን ተማሪ ሴል ሽፋን ላይ ሆኖ ሶዲየምና ፖታሲየም ስለሚያመላልሰው ሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕ ጠይቁት፣ «3 ሶዲየም ወደ ውጭ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ» ይላችኋል፣ ልክ ነው። እሺ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ልቡ ለምን ይቆማል ስትሉት ግን ጸጥ። ነገሩ እኮ እዛው ያነበበው ላይ ነው ያለው፣ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው፣ ሴሉ ውስጥ ግን ከዛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ የልብ ሴል ሲያርፍ ውስጡ ኔጋቲቭ የሚሆነው በዚህ ልዩነት ነው። የውጭው ሲጨምር ልዩነቱ ይጠባል፣ ሴሉ ኔጋቲቭነቱ ይቀንሳል፣ ሶዲየም የሚገባባቸው በሮች፣ ቻናሎቹ፣ ተዘግተው ይቀሩና የልብ ምቱ ይዛባል፣ ሲብስ ይቆማል። ሜዲስን የሚፈልገው እንዲህ ያለ አነባበብ ነው፣ ቁጥሩን ይዛችሁ «ቢጨምርስ? ቢቀንስስ?» እያላችሁ መሄድ። ከሲኒየር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣች የድሮ ፈተና ፒዲኤፍ ይሄን አታስተምርም።

ኬሚስትሪ መሸሽም አለ። ኦርጋኒክና ባዮኬሚስትሪን ለማለፍ ያህል ብቻ የተማረ ሰው ሜዲካል ስኩል አንደኛ ዓመት ላይ ነው የሚያለቅሰው።

ሌላው ኤግዚት ኤግዛምን፣ የመውጫ ፈተናውን፣ በመጨረሻው ወር ማሰብ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ 50 ፐርሰንት ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም፣ ዲግሪ የሌለው ደግሞ ዲግሪ ላላቸው በተከፈተ በር አይገባም፣ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ኤንጋትን ከዚህ ጋር የሚያምታቱም አይቻለሁ፣ እሱ ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ነው።

አሁን ወደ በሩ። በ2004 ዓ.ም ባዮሎጂን ጨምሮ በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ በአራት ዓመት ተኩል ሀኪም የሚያደርግ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀምሮ ነበር፣ ብዙ የሰፈራችን አስተማሪ ቾኩን አስቀምጦ ስቴቶስኮፕ ያነሳው በዛን ጊዜ ነው። ስህተቱ ያ ወሬ ዛሬም እንዳለ ነው ብሎ እሱን ተማምኖ መቀመጥ ነው። ዘንድሮ ማን እንደሚቀበል፣ ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅ፣ የመግቢያ ፈተናው ምን እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በአካል ወይ ከራሱ ማስታወቂያ እንጂ ከቴሌግራም አትውሰዱ። ቴሌግራም ላይ «ቦታ አለን፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚለው ሰውዬማ የአባታችሁን የጤፍ ብር ነው የሚፈልገው፣ ብሎክ አድርጉት። የግል ኮሌጅ ከሆነም ኮሌጁ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ እውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ስለሆነ ሜዲስኑ፣ እዛው የምትማሩበት ካምፓስ ላይ፣ እውቅና እንዳለው ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን አረጋግጡ።

የመጨረሻው ወረቀት ነው፣ ሰው ይንቀዋል። ሃይማኖት የሚባል ልጅ ስሙ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይ በእንግሊዝኛው አይ፣ ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ላይ ዋይ ሆኖ ይጻፋል፣ ለአንድ ፊደል ሲባል ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ምዝገባው ይዘጋል። ስማችሁን ገና ተማሪ እያላችሁ አስተካክሉ። ስቱደንት ኮፒ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይደለም፣ ኦፊሻሉን ለማስላክ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ ይነሳል፣ ስለዚህ እዳችሁ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚዘጋ ቀድማችሁ ጠይቁ። ተቀጥራችሁ የምታስተምሩ ከሆነ መልቀቂያም አለ። ርዕሰ መምህሩ እሺ ስላላችሁ ብቻ አለቀ አትበሉ፣ ወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ድረስ ሄዳችሁ ምን እንደሚጠይቁ እወቁ፣ ጥሪው አንዴ ከወጣ በኋላ ከቢቡኝ ወይ ከሰከላ እየተመላለሱ ወረቀት ማሟላት አይደርስም።