ኪኒኑ፣ ቡናውና ጾሙ፦ በእርግዝና ወራት የዕለት ኑሮን ማስተካከል

ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ የሄደች እናት ይዛው የምትመለሰው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ብዙ ጊዜ ወይ ሳይዋጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል፣ ወይ ከቡና ጋር ይዋጥና ጥቅሙ ይባክናል። በእርግዝና ጊዜ ሊለመዱ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል የዚህን ያህል በቀላሉ የሚስተካከል ጥቂት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

በእርግዝና ወራት የእናቲቱ ደም በመጠን ይጨምራል፤ ፅንሱም የራሱን ደም የሚሠራው ከእናቱ በሚያገኘው አይረን ነው። ከምግብ ብቻ የሚገኘው ለብዙዎች ስለማይበቃ የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ ይመክራል። ቶሎ መድከም፣ ራስ ማዞርና ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ማለክለክ የደም ማነስ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አፈር የመብላት ፍላጎትም ከደም ማነስ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል «አምሮት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ በክትትል ጊዜ ሳያፍሩ ለባለሙያው ይንገሩ።

ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ እንደ ታኒን ያሉ ንጥረ ነገሮች አይረኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። በብዙ ቤት ምሳ እንደተነሣ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ስኒው ተለቃልቆ፣ ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ አቦሉ እስኪቀዳ አንድ ሰዓት ገደማ ቢያልፍ እንኳ ያ ጊዜ ስለማይበቃ፣ በዚህ ልማድ ለሚኖር ቤት ኪኒኑን ከምሳ ጋር መውሰድ አይመረጥም። የሚሻለው እራት ከተበላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሊተኙ ሲሉ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ መዋጥ ነው፤ ወተትም ስለሚያግደው በወተት አይውሰዱት። የጥርስ ብሩሽዎ አጠገብ ካስቀመጡት አይረሳም፤ ነገር ግን ብዙ አይረን የዋጠ ሕፃን ሊሞት ስለሚችል ቦታው ልጅ የማይደርስበት ይሁን። ሆድዎን ከረበሸዎ ከጥቂት ምግብ ጋር ይውሰዱት። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ድርቀት ካስቸገረዎ ደግሞ ውኃና አትክልት ይጨምሩ እንጂ ባለሙያ ሳያማክሩ አያቋርጡት።

ቡናውን ጨርሶ መተው ግድ አይደለም፤ መቀነስ ግን ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ የሚመክረው ከፅንስ መጨንገፍና ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ስለሚያያዝ ነው፤ ሻይና ኮካ ኮላም በዚሁ ሒሳብ ይገባሉ። ቡና ተጠርታ ሳትቀምስ መነሣት ለሚከብዳት እናት የእኔ ምክር አቦሉንና ቶናውን አሳልፋ በረካውን እንድትጠጣ ነው፤ ከሦስቱ የቀጠነው እርሱ ነው፣ ከጨዋታውም አትለይም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ፅንሱ የሚያገኘውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ በርና መስኮቱ ይከፈት።

በምግብ በኩል ምስር፣ ሽሮና ቆስጣ አይረን አላቸው፤ ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ሎሚ ይጨመቅባቸው ወይም ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ አብሮ ይቅረብ። ሥጋ ጠቃሚ ቢሆንም ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ፅንስ የሚጎዳ ተውሳክ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ በሚገባ ይብሰሉ። ዱለት ደግሞ ቢበስልም ጉበት አለበት፤ በጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፅንሱን ስለሚጎዳ እንዳይደጋገም። ወተት ይፈላ። የኮሶ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይጠጣ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ፣ ጫትና ሲጋራም ይቅሩ፤ «ጠላ ጉልበት ይሰጣል» የሚለውን አባባል አይቀበሉት፤ ለፅንስ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን አይታወቅም።

ስለ ጾም የምጽፈው በአክብሮት ነው። የሁዳዴ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ በእርግዝና ወራት ውስጥ ደግሞ ከአንድ በላይ አጽዋማት ይውላሉ። ኦርቶዶክሳዊት እናት ገና እርግዝናዋን እንዳወቀች ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር መልካም ነው፤ በእስልምናም ለራሷ ወይም ለፅንሱ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። መጾሜን አልተውም የምትል እናት ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ አትዋል፤ ጠዋት በሶ ወይም ገንፎ፣ ቀን ጥራጥሬ ያለበት ምግብ ትብላ። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ በበቂ መጠን ስለማይገኝ ጿሚ መሆኗን ለሚከታተላት ባለሙያ ትንገር።

ቀሪውን ባጭሩ ልበል። ከባድ ሸክም ለሌላ ይተው፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ግን፣ ባለሙያ ካልከለከለዎ፣ ይጠቅማል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ሳይሆን በጎን ይተኙ። ወባ ባለበት አካባቢ አጎበር አይለይዎ።

ሆድ ሳይገፋ እርግዝና አይነገርም በሚባልበት አካባቢም ቢሆን ለጤና ባለሙያ መንገር አይዘግይ። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ መሠረት የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበትም ልጅ ሲታሰብ፣ ገና ሳይፀነስ ነው። የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይሁን፤ በጠቅላላው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ይመከራል።

ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ እስኪነጋ አይጠብቁ። የሚያደርስዎ መኪና የማን እንደሆነ ከባለቤትዎ ወይም ከጎረቤት ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የክትትል ካርድዎም በሌሊት በቀላሉ በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ።