በተማሪ ክፍያ ሪፈረንደም ማኅበሮቻችን የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራትን በበጀት ጉዳይ ማማከር ከጀመርኩ ወዲህ፣ የትምህርት ዘመኑ በተከፈተ ቁጥር አንድ ዓይነት ሐሳብ ይቀርብልኛል። «ከተማሪዎች ምክር ቤት የምናገኘው ገንዘብ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት እንኳ አይበቃም፤ ስለዚህ ለማኅበራችን ብቻ የሚውል ክፍያ በሪፈረንደም እናስጸድቅ» ይሉኛል። ሪፈረንደሙ እያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ጋር በግዴታ የሚከፍለው የእንቅስቃሴ ክፍያ እንዲጀመር፣ እንዲጨመር ወይም እንዲቀር ተማሪዎች ድምፅ የሚሰጡበት መንገድ ነው።

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያስቆጣኝ ይኸው ነው፤ አብላጫ ድምፅ ካገኘን ገንዘቡ የእኛ ነው ብሎ ማመን። ስኮት ሳውዝዎርዝ የተባለ የሕግ ተማሪና ጓደኞቹ በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲን የከሰሱት፣ የማንደግፋቸውን ቡድኖች በገንዘባችን እንድናቋቁም አንገደድም ብለው ነበር። በዚያ የትምህርት ዘመን የአንድ ተማሪ ክፍያ 331.50 ዶላር ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2000 በሰጠው ውሳኔ፣ ዩኒቨርሲቲው የቡድኖችን አመለካከት ሳይለይ እስካከፋፈለ ድረስ ክፍያውን በግዴታ መሰብሰብ እንደሚችል አረጋገጠ። ማኅበሮቻችን ሳያነቡት የሚያልፉት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። አንድ ቡድን በሪፈረንደም ብቻ 45,000 ዶላር አግኝቶ ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ ይህ አሠራር የብዙኃኑን ፍላጎት በገለልተኝነት ቦታ የሚተካ መሆኑን ጠቅሶ፣ የጥቂቶችም አመለካከት ከብዙኃኑ እኩል ሊከበር ይገባል ሲል ያን ክፍል እንደገና እንዲታይ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው። በ2007 ደግሞ የኒው ዮርክን የኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የተመለከተው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የተማሪዎች ማኅበሩ ለቡድኖች የሚሰጠውን የገንዘብ መጠን ለመወሰን የምክር (ውጤቱ አስገዳጅ ያልሆነ) ሪፈረንደም መጠቀሙ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ወሰነ።

ይህ ሕግ የሚጠብቀው እኛን ነው። በሠላሳ ሺህ ተማሪ መካከል ሁለት መቶ የማይሞላ አባል ያለው ማኅበር፣ ገንዘብ በድምፅ ብዛት ይከፋፈል የሚለውን መርህ ዛሬ ለራሱ ሲል ቢቀበለው፣ ነገ ትልልቆቹ ቡድኖች በዚያው መርህ በጀቱን ሲዘጉበት የሚከራከርበት ቃል አይኖረውም። ስለዚህ ሪፈረንደሙን ለሁሉም ቡድኖች የሚሆነውን የጋራ ቋት ለማሳደግ ተጠቀሙበት፤ የራሳችሁን ድርሻ ደግሞ በዝግጅቶቻችሁ ብዛት፣ በሚያስወጡት ወጪና ሁሉንም ተማሪ የሚጋብዙ በመሆናቸው አስረድታችሁ ከቋቱ ጠይቁ።

ሁለተኛው ስህተት የ«አዎ» ድምፅን ብቻ መቁጠር ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርካታ ካምፓሶች ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆነው ተማሪ ድምፅ ካልሰጠ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ሠላሳ ሺህ ተማሪ ባለበት ካምፓስ 5,400 ሰው ድምፅ ሰጥቶ ዘጠና በመቶው ቢደግፍ እንኳ፣ የተሳታፊው ቁጥር ስድስት ሺህ ስላልደረሰ ሪፈረንደሙ ወድቋል ማለት ነው።

የጥያቄው አጻጻፍም ብዙዎችን ያሰናክላል። ክፍያው በሴሚስተር ነው ወይስ በዓመት፣ የክረምት ተማሪ ይከፍላል ወይ፣ መቼስ ያበቃል የሚሉት በወረቀቱ ላይ ካልተመለሱ አስመራጭ ኮሚቴው ጥያቄውን ሳይቀበል ሊመልሰው ይችላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ከአዲስ ክፍያ ሩቡ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በተለምዶ ለተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ስምንት ዶላር ያስጸደቀ ሰው ስምንቱንም አገኛለሁ ብሎ በጀት ማውጣት የለበትም። በኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ደግሞ የእንቅስቃሴ ክፍያው በግዴታ ይቀጥል ወይስ በፈቃድ ይሁን የሚለው ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ለድምፅ ይቀርባል፤ አንድ ጊዜ የተገኘ ድል ለዘላለም አይደለም።

የሚቀጥለውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ዓመት፣ የጋራው ቋት እንዲጨመር በሚጠይቀው ሪፈረንደም ቀን፣ በተማሪዎች አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን የአንዲት አባላችን እናት የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ቆርሰን አቀረብን፤ ከዳቦው አጠገብም ላፕቶፕ ከፍተን አስቀመጥን። የመጣው ሁሉ ቁራሹን ይዞ እዚያው ድምፁን ይሰጥ ነበር። እኛ እንግዳ የተቀበልን መስሎን ነበር፤ የምርጫው ደንብ ግን ለድምፅ ሰጪ ምግብ መስጠትንም ሆነ ቅስቀሳ በሚካሄድበት ቦታ ድምፅ መስጫ መሣሪያ ማዘጋጀትን ይከለክላል። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፎቶ አንሥቶ ሄደ፤ በሳምንቱ ውጤቱ ተሰረዘ። በእኛ ጥፋት ሌሎች ማኅበራት ሁሉ ገንዘብ አጡ፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በግዴታ ክፍያ በተገኘ የማኅበር ገንዘብ የቅስቀሳ ወረቀት ማሳተምም በብዙ ካምፓሶች የተከለከለ ነው።

ሪፈረንደሙ ለድምፅ እንዲቀርብ የድጋፍ ፊርማ ስታሰባስቡም ከየፈራሚው ስም ጎን የመታወቂያ ቁጥሩን አስጽፉ።

የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረቶች «እኛ ሃይማኖታዊ ስለሆንን ከቋቱ ገንዘብ አይፈቀድልንም» ብለው ማመልከቻ ሳያስገቡ መቅረታቸውም ያሳዝነኛል። በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሌሎች የተማሪ ጋዜጦች የኅትመት ወጪ እየሸፈነ የክርስቲያን ተማሪዎችን ጋዜጣ በአመለካከቱ ምክንያት መከልከሉ ስህተት ነው ብሏል። ይህ ጥበቃ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ የግል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የራሳቸውን ተቋም ደንብ ማንበብ አለባቸው።

ድምፁ ካለፈ በኋላም የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ወይም ቦርድ ካላጸደቀው ክፍያው አይሰበሰብም፤ ከጸደቀም የሚጀምረው በአብዛኛው በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ነው። አንድ ማኅበር ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ አዳራሽ ተከራይቶ ለድምፃዊ ቀብድ ከፈለ። ገንዘቡ የመጣው ግን ከስምንት ወር በኋላ ስለነበር፣ ዕዳውን የሸፈኑት አምስቱ የኮሚቴ አባላት ከትርፍ ሰዓት ሥራ ደመወዛቸው ነው።