ዘይቱ አረፋ እየሆነ ክንዱ ለሚንቀጠቀጥ፣ በቤት ለተሠራ ሎደር

በ25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ፊት ራሴ በይጄ የገጠምኩት ሎደር (ፓምፕ በሚገፋው ዘይት የሚነሳ ባለ አካፋ ክንድ) ሥራ ሲጀምር ደህና ይነሳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ፓምፑ ይጮኻል፣ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ዘይትም እንደ ወተት ነጥቶ አረፋ ይደፍቃል።

ግፊት ያነሰው መስሎኝ የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ ከ150 ወደ 170 ባር ከፍ ባደርገው ጩኸቱ አልቀነሰም። ክንዱን የሚያነሱትን የሁለቱን ሲሊንደሮች ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋ ጎማ) መቀየርም ለውጥ አላመጣም።

በመጨረሻ ከታንኩ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቱቦ መረመርኩ። ሞተሩ እየሠራ ፋሼታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ላይ ዘይት ሳንጠባጥብ ጩኸቱ ለአፍታ ቀነሰ፤ ፓምፑ በዚያ በኩል አየር ይስብ ነበር ማለት ነው። በዚህ መስመር ላይ ያለ ክፍተት አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ዘይት ስለማያፈስ በዓይን አይታይም። ቱቦውም ጠባብ ነበር፤ በደቂቃ 24 ሊትር በግማሽ ኢንች ቱቦ ሲሳብ የዘይቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ3 ሜትር ያልፋል፣ በመሳቢያ መስመር ግን ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ስለዚህ አካፋውን መሬት ላይ አሳርፌ፣ ውስጡ ሽቦ ያለው ባለ 1 ኢንች ቱቦ በድርብ ፋሼታ አሰርኩ፤ ዘይቱን ወደ ታንኩ የሚመልሰውንም ቱቦ ጫፍ ከዘይቱ በታች አወረድኩት። ቫልቩን በግፊት መለኪያ እያየሁ ወደ 150 ባር መለስኩ። ዘይቱ አድሮ ጠራ፤ ክንዱም አሁን አፈር የሞላ አካፋ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ ይነሳል።