ጥንቸሏን ገዝታችኋል፤ አሁን ምን ይደረግ?

ሱሉልታ ላይ የእንስሳት መኖ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ላም የሚያልቡ፣ በግ የሚያደልቡ፣ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። በዓል ሲያልፍ ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ ብቅ ይላል። ካርቶን ያቀፈ ልጅ፣ ከኋላው አባት ወይም እናት። «እህቴ፣ የጥንቸል መኖ አለሽ?» መቼ እንደገዟት ስጠይቅ «ዛሬ» ወይም «ትናንት» ይሉኛል። መንገድ ዳር አዩ፣ ልጁ አለቀሰ፣ ዋጋው የሚከብድ አልነበረም፣ ገዙ።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ያሉት ጥንቸሎች በሙሉ ሰው በችኮላ ገዝቶ ማኖር ያቃተው ናቸው። ሲመጡ ምን እንደጎደላቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ገና ካርቶኑ ሳይከፈት አንድ ነገር ቁረጡ። ጥንቸሏ የልጁ አይደለችም። ገንዘብ የከፈለው ትልቅ ሰው ኃላፊነት ናት። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጃችሁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጥ እሷ በሕይወት ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። ልጅ ይርዳ፤ ሣር ያቅርብ፣ ውኃ ይቀይር፣ ደስ ይበለው። ነገር ግን ልጁ ሲረሳ የሚያስታውስ፣ ፈተና ሲደርስበት የሚተካው አንድ ትልቅ ሰው በስም ይታወቅ። «ሁላችንም እናያታለን» በተባለበት ቤት የውኃ ሳህኑ ደርቆ ነው የሚገኘው። የቤት ሠራተኛ ካለች ደግሞ ሳትጠየቅ ሥራው እሷ ላይ እንዳይወድቅ። ጥንቸል ግዙልኝ አላለችም።

ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራዩ ዛሬውኑ ንገሩ። ጥንቸል ጣውላ ትቦረቡራለች፣ መሬት ትቆፍራለች፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ትቆርጣለች። አከራይ በኋላ ከሚያገኘው ዛሬ ቢሰማው ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ያለነው ከተማ ዳር ነው። ሱሉልታም ሁኑ ለገጣፎ፣ ቡራዩም ሁኑ ሰበታ፣ ማታ ውሻ አለ፣ ድመት አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ፣ ጅቡም ሩቅ አይደለም። ጥንቸል ሳትነከስ በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ደህና ቤት እስኪሠራላት ውስጥ ትደር። ከሰል የሚጨስበት ማድ ቤት ሳይሆን ዕቃ ቤት ወይም የሳሎን ጥግ። ካርቶኑን በጎኑ አስተኙት፣ ድርቆሽ ጎዝጉዙበት፣ መደበቂያ ይሁናት። ሲሚንቶ ላይ ማዳበሪያ አታንጥፉ፤ ላስቲኩን ትበላዋለች። ገመድ ካለ አንሱ።

ልጆቹ ሁለት ሦስት ቀን አያንሷት። ይህ ለልጅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያቺን ለስላሳ ነገር አቅፎ ለመተኛት ነው የፈለጋት። ጥንቸል ግን ከመሬት ስትነሳ አውሬ የያዛት ነው የሚመስላት። ልጁ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ዝም ይበል፣ እሷ ራሷ መጥታ ታሽትተው። ማንሳት ግድ ሲሆን ትልቅ ሰው ያንሳ፤ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላዋ ሥር፣ ደረት ላይ አስጠግቶ። በጆሮዋ በፍጹም። አጥንቷ ስስ ነው፤ በኃይል ከተፈራገጠች የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች።

ከዚያ ቤት ይሠራላት። አጣና፣ ጣውላና ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይበቃል። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ውሻ ይበጥሰዋል። ውስጡ ሦስት ጊዜ ተከታትላ የምትዘልበት ርዝመት፣ በኋላ እግሮቿ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ከፍታ ይኑረው። ወለሉ ሽቦ ብቻ ከሆነ እግሯ ይቆስላል፤ ጣውላ አድርጉና ጭድ አልብሱት። ሰጋቱራ ብናኙ ሳንባዋን ስለሚጎዳ ይቅር። መሬት ላይ የምትሯሯጥበት አጥር የምትሠሩላት ከሆነ ሽቦውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ቅበሩት፤ እሷም ትቆፍራለች፣ ከውጭም የሚቆፍር አለ። በሩ የምር የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው።

ሰው ስለ ብርዱ ይጨነቃል። የእኛ ብርድ ደረቅ ቦታና ብዙ ጭድ ያላትን ጥንቸል አይጎዳትም። የሚጎዳት እርጥበትና ነፋስ ነው፤ ክረምት ላይ ከሥር ውኃ የሚገባበት ቤት በሽታ ያመጣባታል። ሙቀትም አይስማማትም። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትጨነቃለች። ፀሐይ የሚመታው ባዶ ቆርቆሮ ሥር ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አታቆይዋት።

ምግቧ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ሙያዬ ነው፣ ደግሞም ከማያቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

የጥንቸል ምግብ ድርቆሽ ነው። ካሮት አይደለም። በቀን ከምትበላው እጅግ የሚበዛው ድርቆሽ መሆን አለበት፤ ሌትም ቀንም ከፊቷ አይጥፋ። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል። የፊት ጥርሷ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። ለስላሳ ነገር ብቻ የምትበላ ጥንቸል ጥርሷ ረዝሞ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋል። ከዚያ እየራባት መብላት ያቅታታል። አንጀቷም እንዲሁ ነው፤ እንደ ድርቆሽ ያለ ቃጫ የበዛበት ነገር ሳያቋርጥ ካልገባበት ሥራውን ያቆማል። ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም። የገባው በአፍ አይወጣም።

ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ታስሮ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከቻላችሁ ያን ጊዜ ግዙ፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። አንድ እስር ለአንድ ጥንቸል ለወራት ይበቃል። ስትገዙ እጃችሁን እስሩ ውስጥ አስገቡ። መሐሉ የሚሞቅ ወይም የሚረጥብ ከሆነ ተዉት። አሽትቱት፤ ጥሩ ድርቆሽ ይሸታል፣ መልኩም ትንሽ አረንጓዴ ይቀረዋል። ሻጋታ ካያችሁ ወይም ስታራግፉት ጥቁር አቧራ ከወጣው አትግዙ፣ ከእኔም ቢሆን። ቤት ስታስቀምጡ መሬት ላይ ሳይሆን ርብራብ ላይ ይሁን፣ ላስቲክ ውስጥም አታፍኑት። ጭድና ድርቆሽን አታምታቱ። የጤፍ ጭድ ለመኝታ ነው፤ ምግብ ብላችሁ እሱን ብቻ ካቀረባችሁላት ትከሳለች።

ፉርሽካ ሰው አብዝቶ ይጠይቀኛል። የምሸጠው እኔው ነኝ። ግን ለጥንቸል ዋና ምግብ ይሁን ለሚለኝ አልሸጥለትም። ከበዛ ያወፍራታል፣ ሆዷን ያበላሻል። የዶሮ መኖ ደግሞ በፍጹም። የዶሮ መኖ ውስጥ ለዶሮ በሽታ መከላከያ የሚጨመሩ አንዳንድ መድኃኒቶች ጥንቸል ይገድላሉ። «ቤት ውስጥ ያለውን እንስጣት» ብሎ የሚጀምር ሰው ሳስብ ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብስኩትም አይሰጣትም።

ቅጠል በቀን አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ትወዳለች። የካሮት ቅጠል ከካሮቱ ይሻላል፤ ጉሊት ላይ ቆርጠው የሚጥሉትን ለምኑ። ካሮቱ ስኳር አለበት፣ ቁራጭ ብቻ። ድምብላል ቅጠልና በሶብላ ጥሩ ናቸው። ጎመን በትንሹ፣ ቆስጣ አልፎ አልፎ። እርጥብ ማገጥ በብዛት ከበላች ሆዷ ይነፋል። ሁሉንም እጠቡት። አቮካዶ ቅጠሉም ፍሬውም መርዟ ነው። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት አይቅረቡባት። ገራባ ለፍየል የምትሰጡ ካላችሁ ከጥንቸሏ አርቁ። አዲስ ነገር ስትጀምሩ በትንሽ በትንሹ፣ አንድ በአንድ።

ውኃ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የምትረሳው እሷ ናት። የማይገለበጥ የሸክላ ሳህን ስጧት።

ልጆች አንድ ቀን ደንግጠው ይነግሯችኋል፤ ከገዛ ፊንጢጣዋ ለስላሳ ፋንድያ እያነሳች ስትበላ ያዩዋታል። አትከልክሏት። ምግቧን ሁለት ጊዜ የምትፈጨው እንደዚያ ነው፤ ጤነኛ ናት።

ብቻዋን ወይስ ሁለት?

ጥንቸል ጓደኛ ትፈልጋለች። ይሁን እንጂ ሁለተኛዋን ለመግዛት አትሩጡ። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ካላችሁ አትመኑ፤ ትንንሾቹን መለየት ለለመደ ሰውም ያስቸግራል። ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ መራባት ይችላሉ። እርግዝናው ከ28 እስከ 31 ቀን ነው። በወለደችበት ቀን እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ፆታቸው በሚያውቅ ሰው እስኪታይ ለየብቻ አስቀምጧቸው፣ በሽቦ እየተያዩ።

እኛ ሰፈር ደግሞ «ሲበዙ ይታረዳሉ» የሚባል መውጫ የለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት ይቆጥራል፤ አብዛኛው ጎረቤቴም አይበላም። የበዙትን የሚወስድ አይገኝም። ማኮላሸትም ሆነ ማምከን በቀዶ ሕክምና ይቻላል፤ የሚሠራው ሐኪም ግን በጥንቸል ላይ ልምድ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ማደንዘዣው ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሲያማት

ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስለዚህ የምታዩት ምግቧንና ፋንድያዋን ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ካልበላች ወይም ካልጣለች አስቸኳይ ነው። «ነገ እንየው» አይባልም። ከስምንት ሳምንት በታች የሆነች ግልገል ተቅማጥ ከያዛትም ያው ነው። እንዲያውም በዚያ ዕድሜ የገዛችኋት ከመሰላችሁና ሻጩ ጋ እናቷ ካለች፣ ለጥቂት ሳምንታት እናቷ ዘንድ እንድትመለስ ለምኑት።

ጆሮዋ ውስጥ ቅርፊት ከታየ ቅማንጅር ነው፤ አትፋቁት፣ ያደማል። ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ያድናል። ፀጉሯ ክብ ሆኖ ከረገፈ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልጆችም ስለሚተላለፍ እጅ ይታጠቡ፣ ሁለቱም ይታዩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትስጧት። አሞክሳሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘሮች በአፍ ሲሰጡ በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ያጠፋሉ፤ ያ ይገድላታል። ለሰው የሚበጀው ለእሷ አይበጅም።

ሐኪሙን ከመታመሟ በፊት ፈልጉ። በአቅራቢያችሁ ባለ የእንስሳት ክሊኒክ ጀምሩና «ጥንቸል አክማችሁ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቁ የሚያውቅ ሰው ይጠቁሟችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ ከሱሉልታ ሩቅ ቢሆንም መጠየቅ ያዋጣል። የሐኪሙን ስልክ ጽፋችሁ በሯ ላይ ለጥፉ።

ካልቻላችሁ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሳችሁን ጠይቁ። ለገና ወይም ለፋሲካ ገጠር ስንሄድ በየቀኑ የሚያያት ማነው? ቤት ብንቀይርስ? መልስ ካጣችሁ አሁኑኑ ሌላ ሰው ፈልጉላት። ማፈር አያስፈልግም። ከዓመት በኋላ ከስታና ታማ ከምትሰጡ ዛሬ በጤናዋ ስጧት።

ሜዳ ላይ ግን አትልቀቋት። «ሣር አለ፣ ትኖራለች» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሜዳችን ላይ የሚሮጠው የዱር ጥንቸል ሌላ ዝርያ ነው። የቤቷ ዘር ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ሰው እጅ ላይ ስላደገች መሸሸጊያ አታውቅም። ነጭ ከሆነች ደግሞ ከሩቅ ትታያለች። የመጀመሪያዋን ሌሊት ማለፏን እጠራጠራለሁ።

የሚወስዳት ሰው ሲገኝ የምታድርበትን ቦታ አይታችሁ ስጡ። ልጁም አብሮ ይሂድ፣ ይሰናበታት። ፆታዋን፣ ዕድሜዋን፣ የምትበላውን፣ አሟት ከነበረ መድኃኒቱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ከለመደችው ድርቆሽ አብራችሁ ላኩ፤ ቤቱም ምግቡም በአንድ ቀን እንዳይቀየርባት።