ስፖንጁን እጠበው
አስፋልትም ኮረኮንችም የምትነዳው ሞተር ካለህ የአየር ፊልትሮውን አትናቅ። እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ። ሞተሬ ዳገት ላይ ማቃሰት ሲጀምር ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈታታሁት። ለካ የፊልትሮው ስፖንጅ ጭቃ ሆኗል!

ፊልትሮውን ስታወጣ መጀመሪያ የአየር መግቢያውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። (ስትገጥም ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሳ፤ እኔ ረስቼ ግማሽ ቀን ሳስነሳ ውያለሁ።) ስፖንጁን በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው። ቤንዚን አይሆንም፤ ስፖንጁ የተያያዘበትን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ጨመቅ አድርገው እንጂ እንደ ልብስ አትጠምዝዘው፤ ይቀደዳል። ጥላ ላይ ጥርት ብሎ ይድረቅ።

ከዚያ የፊልትሮ ዘይት አፍስስበትና የዘይቱ ቀለም እኩል እስኪዳረስ በእጅህ እሽት እሽት አድርገው። ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ ጨመቅ አድርገህ ቀንሰው። ጠርዙንም ትንሽ ግራሶ ቀባው፤ አቧራ በጎን ሾልኮ እንዳይገባ።